«ጠግቤያለሁ» ሲነበብ

የዛሬ ልጆች ዕድለኞች ናቸው ብል ሸምግለሃል ትሉኛላችሁ። በሉኝ፤ ሸምግያለሁ። ግን የልጅ ልጄ ሰሞኑን የእንግሊዝኛ መጽሐፏን አምጥታ ስታሳየኝ ቀናሁባት። ይኼ እንግሊዝኛ ስለ እድር ያወራል። ስለ ሰርግ፣ ስለ ገበያ፣ ስለ ጎረቤት ያወራል። ታነባለች፣ ከሥር ያሉትን ጥያቄዎች ትመልሳለች፣ አለቀ። እኛ እንዲህ ያለውን ከየት አግኝተን?

በሃምሳዎቹ እኛ የካ ስንማር መጽሐፉ የሚያወራው ስለ በረዶ ነበር። በረዶ ወረደ፣ ልጆቹም ደስ ብሏቸው ወጥተው ተጫወቱ ይላል። እናንተዬ፣ እንጦጦ ሥር ያደገ ልጅ በረዶን ያጣዋል? ባቄላ የሚያረግፍ፣ ቆርቆሮ የሚደበድብ፣ ጫጩት የሚፈጅ ነገር ነው። ከሥሩ «ልጆቹ ለምን ወጡ?» የሚል ጥያቄ መጣ። «ተው የሚላቸው እናት ስለሌላቸው» ብዬ ጻፍኩ። አስተማሪው በቀይ ሰረዘብኝ። እስከ ዛሬ ግን ያ መልስ ስህተት ነው ብሎ ያሳመነኝ የለም።

ነገሩ ግን የሳቅ አልነበረም። የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪን አንድ ጊዜ ወድቄያለሁ፤ የጣለኝም ይኸው አንብቦ መረዳት የሚሉት ነገር ነው። አባቴ የእንጦጦ ባሕር ዛፍ ጠባቂ ነበር። እሱ በኦሮምኛ ይቆጣል፣ እናቴ በአማርኛ ታባብላለች፤ እንግሊዝኛ ቤታችን የሚገባበት ቀዳዳ አልነበረውም። መውደቄን ሲሰማ አልመታኝም። ዘንድሮን ድገም፣ አሁንም ከወደቅህ ግን ሰንዳፋ አጎትህ ዘንድ ሄደህ ታርሳለህ፣ በሬ እንግሊዝኛ አይጠይቅም አለኝ። ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር። ዛሬ ሰንዳፋን በሚኒባስ ደርሳችሁ ትመለሳላችሁ። ያኔ ሲኤምሲ የለ፣ አያት የለ፣ መንገዱ ሁሉ ማሳ ነው፤ ለእርሻ የሄደ ልጅ ቀረ ማለት ነበር። እኔ ደግሞ ትምህርት ቤት እወዳለሁ። የጠመኔውን ሽታ ሳይቀር እወዳለሁ።

ሚስ ራሄል የመጣችልን በዚያ ዓመት ነው። ከሕንድ አገር ነው የመጣችው። ቀጭን፣ ጠይም፣ የየካን ጭቃ ሳሪዋን ሰብስባ የምትዘል ወጣት ነበረች። እናቴ ስሟን ስትሰማ «ራሄል? ታዲያ ምኗ ነው የባዕድ?» ብላ በዚያው ልጇ አደረገቻት። ሚስ ደግሞ በረዶውን አንድ ሳምንት አስተማረችንና መጽሐፉን ከደነችው። ከእናንተው ኑሮ እንነሣ አለች። ለቅሶ ቤት ሄዳ ተቀመጠች፣ ሰርግ ሄዳ እስክስታ ሞከረች፣ እድርተኛው ድንኳን ሲተክል ቆማ አየች። ከዚያ ያየችውን ቀለል ባለ እንግሊዝኛ ሰሌዳ ላይ ትጽፈዋለች፤ እኛ አንብበን ጥያቄ እንመልሳለን።

ጥሩ አይደል? ጥሩ ነበር። ችግሩ የመጣውም ከዚያው ነው። አንድ ቀን ስለ ለቅሶ ጻፈች። ጎረቤት ሞተ፣ ሰዎች መጡ፣ ዝም ብለው ተቀመጡ፣ ማንም አላለቀሰም፣ ተነሥተው ሄዱ። ጥያቄው፦ ሰዎቹ ምን አደረጉ? ክፍሉ በሙሉ፣ እኔም ጭምር፣ «እጅግ አለቀሱ» ብለን ጻፍን። እኔማ «ንፍሮም በሉ» ብዬ ጨመርኩበት። አገርህ የት ነው ቢሉት ገና ሚስት አላገባሁም አለ የሚባለው እኛ ነን። ሚስ ሁላችንንም ኤክስ አደረገችን። እጄን አውጥቼ ተከራከርኩ። ለቅሶ ቤት ገብቶ የማያለቅስ ጎረቤት ካለ፣ እሱ የሟቹ ባለጋራ ነው አልኩ። ሚስ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። ስትጨርስ ወንበሬ አጠገብ መጥታ፣ ወርቁ፣ ያልከው ሁሉ እውነት ነው፣ ወረቀቱ ላይ ግን የለም አለችኝ። እያወቀች ነው ለካ እንዲያ የጻፈችው። እኛ የምናነበው ወረቀቱን አይደለም፤ የምናነበው ሰፈራችንን ነው።

ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ ቅዳሜ የካ ሚካኤል አጠገብ በተከራየችው ቤት ታስጠናኝ ጀመር። እናቴ ይኼን ስትሰማ እንቁላል በጭድ ጠቅልላ፣ ነጠላዋን አጣፍታ ልታመሰግናት ወጣች። አብሬያት ነበርኩ። ሚስ ደስ ብሏት ሻይ ቀዳች፣ ብስኩት አቀረበች። እናቴ እንደ ወጉ «ኧረ ይቅርብኝ ልጄ፣ አሁን ጠጥቼ ነው የወጣሁ» አለች። ሚስም እሺ ብላ ሻዩን አንስታ ወሰደችው።

የእናቴን ፊት ባያችሁት። ከጠዋት ጀምሮ እህል በአፏ አልዞረም። እንግዳ ደግሞ አይ የሚለው ሊለመን ነው፤ በመጀመሪያው ብላ የሚበላ ሰው እንዴት ያለ ስድ ነው? ወደ ቤት ስንመለስ ብዙ መንገድ ዝም ብላ ሄደች። ኋላ «ክፉ ልጅ አይደለችም፤ ሰው መለመን ግን አላስተማሯትም» አለች። ድምፅዋ ላይ ቅሬታ ነበረ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሚስ ራሷ ጠየቀችኝ። እናትህ ለምን አዝነው ሄዱ? ነገርኳት። በእኛ ዘንድ የመጀመሪያው አይ ሰላምታ ነው አልኳት። ሁለተኛውም ጨዋነት ነው። ከዚያ ባለቤቱ በሞቴ፣ በልጄ ሞት፣ አፈር ስሆን ይላል፤ እንግዳው እያጉረመረመ እጁን ይታጠባል። ሚስ አፏን በእጇ ያዘች። ቀጥላ የእንግሊዞችን ወግ ነገረችኝ። እዚያ አይ ያለ ሰው አይ ብሏል፤ የሚለምነው የለም። ጨካኞች ናቸው ወይ ብዬ ጠየቅኳት። አይደሉም፣ ሰውየውን ስለሚያምኑት ነው አለችኝ። ቀጥላም፣ ወርቁ፣ ፈተናው የሚወጣው የካ አይደለም፣ ይኼን አትርሳ አለችኝ።

ሰኔ ደረሰ፣ ፈተናው መጣ። አንቀጹን ስከፍት ምን አገኝ? አንድ ሰውዬ በዝናብ ወዳጁ ቤት ይሄዳል። ሴትየዋ ኬክ ታቀርብለታለች። አመሰግናለሁ፣ አልራበኝም ይላል። ኬኩን ታነሣዋለች። ጥያቄው ሰውየው ለምን አልበላም ነው የሚለው። ከአማራጮቹ አንዱ «ስላልተራበ» ይላል፣ ሌላው «ስላፈረ» ይላል። ላብ አጠመቀኝ። በዚያ ዝናብ የመጣ ሰው! ጫማው ውሃ የገባበት ሰው! እናቴ መንገድ ላይ ዝም ያለችው ታወሰኝ። አፍሮ እንደሆነ ልቤ ያውቃል። ግን ሰንዳፋም ታወሰኝ። ሰውየውን ይቅር በለኝ ብዬ፣ አልተራበም የሚለውን ከበብኩ።

አለፍኩ። አባቴ ውጤቱን ሲሰማ ባርኔጣውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አደረገና፣ አጎትህ እንግዲህ ሌላ አራሽ ይፈልግ አለ። እናቴ አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ፤ ምን አሳፍሮኝ? ፍልሰታ ሳይገባ ሚስ ራሄልን ዶሮ ሠርተን እንጥራት ተባለ።

እዚህ ላይ ነው እውቀቴ የተነሣብኝ። ሳምንቱን ሙሉ እናቴን ስሰብክ ሰነበትኩ። እማዬ፣ እነሱ ዘንድ አንዴ አይ ካሉ አይ ነው። ብትለምኛት ትሰለቻለች፣ አላመነችኝም ትላለች። እናቴ ግራ ገባት። «ሳልለምን እንዴት አበላለሁ?» አለች። ፈተናውን ያለፈው ማነው አልኳት። እውነትም፣ አለች ምስኪን፣ አንተ ታውቃለህ።

ሚስ ዳገቱን በእግሯ ወጥታ መጣች። ዶሮው ሸቷል፣ ሌማቱ ቀርቧል። እናቴ ክዳኑን አንስታ «ብዪ ልጄ» አለች። ሚስ ቀና ብላ አየቻትና በአማርኛ «ኧረ ይቅርብኝ እማማ፣ በልቼ ነው የመጣሁ» አለች። የእናቴኑ አባባል፣ አንድ ሳትሳሳት። እናቴ ወደ እኔ ዞረች። እኔ የተማርኩት ልጅ አንገቴን ነቀነቅኩ። እናቴ ክዳኑን መለሰችና ሌማቱን ወደ ጓዳ ይዛው ሄደች።

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይመታል። አባቴ ሁለት ጊዜ ጉሮሮውን ጠረገ። የሚስ ዓይን ወደ ጓዳው ሄዶ ይመለሳል። ሆዷ ሲጮህ ሁላችንም ሰማን፤ ሁላችንም ዝናቡን እንደሰማን ሆንን። እናቴ ወጥታ ከፊቷ ተቀመጠች፣ እጇን የምታደርግበት ጠፍቷት ነጠላዋን ትፈትላለች። ሚስ ጥቂት ጠበቀች። ደግሞ ጠበቀች። ኋላ ጎንበስ ብላ፣ በጣም በቀስታ፣ «እማማ፣ በሞቴ አይሉኝም?» አለች።

ሲያጌጡ ይመላለጡ ማለት ይኼ ነው። ለካ የእኔዋ አስተማሪ ያስተማርኳትን አጥንታ፣ እንድትለመን ቁርሷን ትታ ነው ዳገቱን የወጣችው። እናቴ መጀመሪያ ደረቀች። ከዚያ ሳቅና ልቅሶ አንድ ላይ መጣባት። አንገቷን አቅፋ «በሞቴ፣ ልጄ፣ አፈር ስሆንልሽ» እያለች ያስቀረችውን ሁሉ ባንዴ አፈሰሰችው። ሌማቱ ተመለሰ። እናቴ ፈረሰኛውን በራሷ እጅ ጠቅልላ አጎረሰቻት፤ ሚስም በሙሉ አፏ እያኘከች እንባዋን ትጠርጋለች። እንደዚያ ቀን የጣፈጣት እህል ያለም አይመስለኝ።

እኔ ጥግ ይዤ በሐፍረት ተኮራምቻለሁ። እናቴ አየችኝና አዘነችልኝ። አንድ ትልቅ ጉርሻ ጠቅልላ እጇን ዘረጋችልኝ። ምራቄን እየዋጥኩ፣ እንደ ወጉ «ይቅርብኝ፣ ጠግቤያለሁ» አልኩ።

እናቴ ወደ ሚስ ዞራ «ምን ማለቱ ነው?» አለቻት።

«አልተራበም ማለት ነው» አለች ሚስ ራሄል።

ጉርሻው ወደ እሷ ዞረ። ድስቱ እስኪጠረግ ድረስ ሁለተኛ የለመነኝ የለም።