ወግ ሌላ፣ ገበያ ሌላ

ማንም ሳይሾመው የሚያዝ ሰው የሌለበት ግቢ በወሎ ምድር አይገኝም። አንዱ ግቢ የውሃ አዛዥ አለው፤ ማን መቼ እንደሚቀዳ የሚወስነው እሱ ነው። ሌላው የበር አዛዥ አለው፤ ማን ስንት ሰዓት እንደገባ ያውቃል። ራሂማ ኮምቦልቻ ውስጥ በተከራየችበት ግቢ ያለው ሹመት ደግሞ የአስቤዛ ነበር። ባለሹመቱም አከራይዋ፣ ክቡር የዘንቢልና የጥድፊያ አዛዥ፣ ጋሽ ጀላል ናቸው።

ጋሽ ጀላል ሠላሳ ዓመት የፋብሪካ ንብረት ክፍል ኃላፊ ነበሩ። ጡረታ ሲወጡ ቁልፉን አስረከቡ እንጂ ሥርዓቱን አላስረከቡም።

ራሂማ የክር ፋብሪካ ሠራተኛ ናት። ሙሉ ቀን የምታርፈው ቅዳሜ ብቻ ሲሆን ያንኑም ቀን ገበያ ይበላባታል። ሽንኩርት ገዝታ ቤት ስትደርስ ዘይቱን ረስታለች፤ ዘይቱን ይዛ ስትመለስ ነጭ ሽንኩርቱ ቀርቷል። እናቷ ያሉት እዚሁ ኩታበር ነው፤ ዓይናቸውን ካየች ግን አምስት ወር አለፋት። አንድ ቅዳሜ በስልክ፣ "እማ፣ ዛሬም አልሞላልኝም" ስትል ጋሽ ጀላል በረንዳቸው ላይ ሆነው ሰሙ።

"አንቺ ልጅ፣ ገበያ የምትውይው ምን ልትገዢ ነው?"

"አስቤዛ ነዋ፣ ጋሽ ጀላል።"

"አስቤዛ ግማሽ ሰዓት ነው። የቀረው ወግ ነው። ወግ ሌላ፣ ገበያ ሌላ!"

በሳምንቱ አብረዋት ወጡ። የአስቤዛውን ዝርዝር የጻፉት በገበያው አገባብ ነው፤ ከበሩ ሲገባ መጀመሪያ የሚገኘው መጀመሪያ። ድንች ከታች፣ ቲማቲም ከላይ፤ "ቲማቲም ድንች አይሸከምም" ባይ ናቸው። ለነጋዴዎቹም ዋዜማውን ደውለው መዝነው እንዲጠብቁ አዘዋል።

ሰላምታው ሳይቀር ተመጠነ። ቅመም ሻጩ ተውፊቅ፣ "ጋሽ ጀላል፣ ቤተሰብ እንዴት ነው?" ቢላቸው፣ "አልሐምዱሊላህ፣ ሌላውን በስልክ!" ብለው ሳይቆሙ አለፉ። ሽንኩርት ሻጯ መዲና ለራሂማ የሆነ ነገር ልትነግራት አፏን ስትከፍት፣ እሳቸው ሰዓታቸውን እያዩ ዘንቢሉን አነሡት።

ሃያ ስምንት ደቂቃ! ራሂማ ማመን አቃታት። ደሴ ላይ መኪና ቀይራ ከቀትር በፊት ኩታበር ገባች፤ እናቷ አቅፈው አልለቅ አሏት። ሦስት ቅዳሜ እንዲሁ ሆነ። ራሂማም ጋሽ ጀላልን ያልመረቀችበት ቀን አልነበረም።

በአራተኛው ቅዳሜ በመዲና ቦታ ላይ ሌላ ሴት ተቀምጣለች።

"መዲናስ?" አሉ ጋሽ ጀላል።

"አልሰሙም እንዴ? ማክሰኞ ተገላገለች። መንታ!"

አዛዡ ባሉበት ደርቀው ቀሩ። "ወላሂ፣ ሆዷን አላየሁም። አንቺስ አይተሻል?"

"እኔም አላየሁም" አለች ራሂማ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ያየችው ሽንኩርቱን ነው።

ጋሽ ጀላል ዝርዝሩን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። "ኩታበርሽ ትንሽ ይቆይ። አብሽሪ፣ ትደርሻለሽ።" የገንፎ ዱቄትና ቅቤ ገዙ። የመዲናን ቤት ተውፊቅን ሲጠይቁት፣ የእሱም እናት ታመው መክረማቸውን ሰሙ፤ እዚያም ቆመው ዱዓ አደረጉ። ራሂማ ሰዓቷን ብታይ አራት ሰዓት አልፏል። ብትናደድም ዘንቢሏን ይዛ ተከተለቻቸው።

መዲና ገና ሲገቡ ሳቀችባቸው። "ያን ዕለት'ኮ፣ ስወልድ የምትተካኝ ሰው ፈልጉልኝ ልላችሁ ነበር። እናንተ እንደ አምቡላንስ በረራችሁ!"

"አፉ በይኝ፣ ልጄ" አሉ ጋሽ ጀላል። አንደኛውን ሕፃን ሰጠቻቸው፤ እንደሚሰበር ዕቃ በሁለት እጃቸው ያዙት፤ ከዚያ ወዲያ ሰዓት የሚባል ነገር ረሱ።

ሰባት ሰዓት ላይ ራሂማ፣ "ጋሽ ጀላል፣ መኪናው..." አለች።

"ተቀመጪ እንጂ! ገንፎ ሳይቀመስ ከአራስ ቤት ይወጣል እንዴ?"

ቀመሰች። ንዴቷ ከገንፎው ጋር ወረደ መሰላት፤ መዲና ስታወራ እሷም ሆዷን ይዛ ሳቀች። ከዚያ ጋሽ ጀላል መናኸሪያ ድረስ ሸኟትና ሾፌሩን፣ "እናቷ እየጠበቋት ነው፣ ፍጠን፤ ሐረጎ ዳገት ላይ ግን ቀስ በል!" ብለው አዘዙት። የእሷን ዘንቢል ከራሳቸው ጋር አንጠልጥለው ወደ ቤት አዘገሙ።

ኩታበር የደረሰችው ዐሥር ሰዓት ላይ ነው።

"ምን አቆየሽ ልጄ?" አሉ እናቷ። ራሂማ ከመጀመሪያው አንሥታ አወራቻቸው። እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ።

"እኒህን ሰውዬ አንድ ቀን ይዘሻቸው ነይ።"

"እሳቸውን? ገና ከመኪና ሳይወርዱ መመለሻው ስንት ሰዓት ነው ይላሉ።"

"ይበሉ" አሉ እናቷ ጫማዋን እየተቀበሏት። "እኔ እያለሁ ማን ይለቃቸዋል?"

"እሺ፣ አመጣቸዋለሁ" አለች ራሂማ። ለማለት ያህል ግን አልነበረም፤ ከሾፌሩ ጎን ያለው ወንበር ለሽማግሌ ወገብ ይስማማ እንደሆነ ማሰብ ጀምራለች።