የጋሽ ሙሉሰው ኢስቶኒያ

ሦስት ሐበሻ ከተሰበሰበ ሁለቱ ይጣላሉ፤ ሦስተኛው ቃለ ጉባኤ ይይዛል። ይህን ሦስተኛ ሰው የማያውቅ የለም። ማንም አልመረጠውም፣ ማኅተም ግን አለው። እናንተ «እንጀምር» ስትሉ እሱ «በመጀመሪያ አጀንዳው ይጽደቅ» ይላል። የገዛ ቀብሩ ላይ እንኳ የመጡትንና የቀሩትን ስም ሳያስጠራ የሚወርድ አይመስልም።

በጅቡቲ ከተማ ይህን ሹመት የያዙት ክቡር ሰብሳቢ አቶ ሙሉሰው ነበሩ። ሰብለወርቅ ደግሞ ከልቧ ትጠላቸው ነበር።

ክቡርነታቸው በአሮጌው ምድር ባቡር ሠላሳ ዓመት ዕቃ ሲመዘግቡ ኖረዋል። ባቡሩ ሲቆም፣ ሥራ ያጣ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል እንደሚባለው፣ «የሐበሻ ክለቦች የብርድ ወራት የቤት ውስጥ እግር ኳስ ውድድር» አቋቋሙ። ጅቡቲ ብርድ የምትለው ሰው ላቡን ሳይጠርግ አንድ ብርጭቆ ሻይ የሚጨርስበትን ጊዜ ነው። ውጭ ሜዳ ሞልቷል። ውድድሩ ግን ፔካ 12 በሚባለው የከተማው ዳር ሰፈር፣ ከባድ መኪኖቹ በሚያልፉበት መንገድ ዳር፣ ባዶ የዱቄት መጋዘን ውስጥ ነው የሚካሄደው። ለምን ቢሉ፣ ኢስቶኒያ ውስጥ እንዲህ ስለሚደረግ ነው።

ኢስቶኒያን ያገኟት ወደብ ላይ ከተዋወቁት አንድ መርከበኛ ነው አሉ። ሰውየው ያገሩ ክለቦች በብርድ ወራት አዳራሽ ገብተው እንደሚወዳደሩ አጫወታቸው። ከዚያ ወዲያ ኢስቶኒያ የጋሽ ሙሉሰው ሕገ መንግሥት ሆነች። ማሊያውን ቁምጣው ውስጥ ያልከተተ ተጫዋች ካዩ፣ «ኢስቶኒያ ውስጥ እንዲህ ያለ ዝርክርክ የለም!» ሳይፈቀድለት ውኃ የጠጣ ካገኙ፣ «ኢስቶኒያ ውስጥ ውኃ በፊሽካ ነው!» የመጋዘኑ ዘበኛ ጅብሪል ብቻ በሰባራ አማርኛው፣ «ዋላሂ ሙሉሰው፣ አንተ ኢስቶኒያ ሄደሃል?» ይላቸዋል። እሳቸው መነጽራቸውን ይወለውሉና ወደሚቀጥለው አጀንዳ ያልፋሉ።

ከሁሉ የሚብሰው ምዝገባው ነበር። ምድር ባቡሩ ሲዘጋ የተጣሉትን የዕቃ መላኪያ ቅጾች ክቡርነታቸው በጆንያ ሰብስበው አስቀምጠዋል፤ ተጫዋች የሚመዘገበው በነዚያ ላይ ነው። «ላኪ» በሚለው ቦታ የእናት ስምና አገር ይጻፋል። «ተቀባይ» በሚለው፣ ጅቡቲ ውስጥ የሚያውቀው ሰው። «የዕቃው ዓይነት» በሚለው፣ አጥቂ ወይም ተከላካይ። «ልዩ ምልክት» በሚለው፣ ጠባሳ ወይም የወለቀ ጥርስ። ፎቶ ሁለት። ስም እስከ አያት። ልጆቹ በሳቅ ይፈርሳሉ፤ አንዱ ቀልደኛ የዕቃው ዓይነት ላይ «ተሰባሪ» ብሎ ጽፎ ከነስድቡ ተመልሶለታል።

«ጋሼ፣ እኔ የሽንኩርት ጆንያ ነኝ እንዴ?»

«ላኪና ተቀባይ የሌለው ዕቃ የትም ይቀራል! ሠላሳ ዓመት አይቻለሁ። ፎቶህን አምጣ።»

ሰብለወርቅ ሆዳን ሰፈር ፈረንሳዮች ቤት አዳሪ ሠራተኛ ናት፤ ዕረፍቷ ዓርብ ብቻ ነው። ኳስ አትወድም ነበር። በ2006 ዓ.ም. የብርድ ወራት ግን ታናሽ ወንድሟ አምሀ ከኮምቦልቻ ድንገት ከተፍ አለባት። የመጣው እሷ ዘንድ ሊኖር አይደለም። ከባሕሩ ማዶ ባለችው በኦቦክ አድርጎ በጀልባ የመን፣ ከዚያ ሳዑዲ ሊገባ ነው። ለመነችው፣ አለቀሰች፣ እናታቸውን በስልክ አስለቀሰች። እንቢ አለ። በመጨረሻ ያቆመው የጋሽ ሙሉሰው ውድድር ሆነ። ግራ እግሩ እንደሱ የሚታዘዝለት ልጅ ፔካ 12 አይቶ አያውቅም፤ የሆዳን ቡድን በሱ ጎል ግማሽ ፍጻሜ ደረሰ።

«ባዶ እጄን አገሬ አልገባም» አላት አንድ ዓርብ፣ ዱቄቱን ከፀጉሩ ላይ እያራገፈ። «ይሄን ዋንጫ ካነሳሁ ግን ይዤው እመለሳለሁ። ለእማዬ ቡፌ ላይ ይሆናታል።»

እየሳቀ ነው ያለው። እሷ ግን በሙሉ ልቧ ተቀበለችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያቺ የቆርቆሮ ዋንጫ የወንድሟ ነፍስ ሆነችባት፤ ማዳም ሳህን ስትቆጥር እሷ ጎል ትቆጥራለች።

ግማሽ ፍጻሜው ዕለት አምሀ ሁለት አግብቶ ሦስተኛውን ሊሞክር ሲል በክርን መቱትና ወደቀ። ሰብለወርቅ ራሷን ረሳች።

«አምሀ! አምሀዬ! ተነስ ወንድሜ!»

ፊሽካው ተነፋ። ጋሽ ሙሉሰው ክራቫታቸውን አስተካክለው ቅጹን ገለጡ። ቅጹ ላይ የተጻፈው ስም ሱፊያን ነው። ወደ የመን የሚያሻግረው ደላላ፣ «ከዛሬ ጀምሮ ስምህ ሱፊያን ነው፤ ሲጠሩህ ዙር፣ ልመድ» ብሎት ነበርና ልጁ መልመጃውን የጀመረው በኳሱ ምዝገባ ነው። በዚህ መንገድ ስንት አምሀ ሱፊያን ሆኖ አልፏል።

«በሐሰት ስም መጫወት! የሁለት ጨዋታ እገዳ!»

ከዚያ ወዲያ የቀረው ፍጻሜው ብቻ ነው። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም፤ ሰብለወርቅ ግን ለማሸት ሞከረች። መጋዘኑ ደጃፍ ላይ ተከትላቸው እጃቸውን ያዘች።

«ጋሽ ሙሉሰው፣ በእመቤቴ! እዚህ የያዘው ኳሱ ብቻ ነው። ከለቀቁት ጀልባ ላይ ይወጣል። ይሞትብኛል!»

«አንቺ ልጅ፣ ለአንዱ ሕግ ከፈታሁ ነገ ማን ይሰማኛል? ኢስቶኒያ ውስጥ...»

«ኢስቶኒያዎ ገደል ይግባ!»

ቀና ብለው አዩዋት። አምሀን ጠርተው አዲስ ቅጽ አስሞሉት፤ ለሚመጣው ዓመት ይሆናል ብለው። አምሀ ተሾመ ይመር። ላኪ፣ ወይዘሮ የሺ፣ ኮምቦልቻ። ተቀባይ፣ ሰብለወርቅ ተሾመ። ልዩ ምልክት፣ ግራ ቅንድቡ ላይ ጠባሳ። ልጁ ፎቶውን ወርውሮላቸው ወጣ። እሑድ ጠዋት ስልኩ አይሠራም ነበር።

ፍጻሜው በተደረገ በሳምንቱ ከኦቦክ ወሬ መጣ። ጀልባ ተገልብጧል። ሰብለወርቅ ከማዳም ፈቃድ ለመጠየቅ ቃል ጠፍቷት ሦስት ቀን የታጠበ ልብስ ደግማ ስታጥብ ከረመች። በአራተኛው ቀን ጠዋት በሩ ተንኳኳ። አትክልት ሻጩ መስሏት ከፈተች።

ጋሽ ሙሉሰው ነበሩ። ክራቫታቸው የለም። ጫማቸው አሸዋ ነው፣ ዓይናቸው ቀልቷል። የምዝገባ ቅጾቹን ማኅደር ደረታቸው ላይ ታቅፈዋል። ወሬውን የሰሙ ዕለት ማኅደሩን ይዘው ባሕሩን ተሻግረው ኦቦክ ሄደው ኖሯል።

«አሥራ አንድ ናቸው» አሉ። «ከጀልባው የተረፉት የሚያውቁት ደላላው ያወጣላቸውን ስም ነው። ያለ ስም በአንድ ጉድጓድ ሊቀብሯቸው ነበር። አንድ በአንድ... ከቅጹ ፎቶ ጋር እያስተያየሁ... አራቱ የኛ ናቸው፣ ሰብለ። አራቱ እኛ ጋ ተጫውተዋል። በየስማቸው፣ ለየብቻ አስቀበርኳቸው። ሰሌዳውን በእጄ ጻፍኩ።»

አምሀን በቅንድቡ ጠባሳ እንደለዩት አላነሱላትም። እሷም አልጠየቀችም። ደጁ ላይ ቁጭ አለች፣ እሳቸውም አጠገቧ፣ የማዳም የአበባ መደብ ጠርዝ ላይ ተቀመጡ። በቀጭን ድምፅ ተናገሩ።

«ኢስቶኒያ ውስጥ ምን እንደሚደረግ እኔ አላውቅም። መርከበኛው ያሳየኝ አንድ ፎቶ ነው፤ ልጆች አዳራሽ ውስጥ ኳስ ይጫወታሉ፣ በመስኮቱ በረዶ ይታያል። ሌላውን እኔ ነኝ የጨመርኩት። ያን ዕለት እገዳውን ማንሳት እችል ነበር።»

ልትመታቸው እጇን አነሳች። እጇ ግን ማኅደሩ ላይ አረፈ። ከፍታ ቅጹን አገኘችው፤ ፎቶው ላይ አምሀ ሳቁን ይዞታል። ከግርጌ «ተቀባይ ይፈርም» የሚል መስመር አለ። እስክሪብቶ አልሰጧትም፣ እሷ ከኪሳቸው ወሰደች። ፈረመች። ከዚያ ጮኻ አለቀሰች፣ ማዳም በባዶ እግሯ ወጣች።

ይቅር አላለቻቸውም። ዓመቱን ሙሉ ዓርብ ዓርብ ሻይ ይዛላቸው ትሄዳለች፣ ይቅር ግን አላለቻቸውም። በሚቀጥለው የብርድ ወራት ዓይናቸው ስለደከመ መዝጋቢ ፈለጉ። ማንም ሳይመርጣት ጠረጴዛው ጋ ተቀመጠች፤ ማኅተሙንም ወደ ራሷ ሳበችው። እገዳ የሚለው አንቀጽ ከደንቡ ወጥቷል። ስሙን የዋሸ ያርማል፣ ይጫወታል።

ከወሎ የመጣ አንድ ቀጭን ልጅ ፊቷ ቆመ። «ከይረዲን» አለ፣ እንዳጠና ተማሪ ፈጥኖ።

ሰብለወርቅ ቀና ብላ ግንባሩን፣ ጆሮውን፣ አገጩን አየችው። ጋሽ ሙሉሰው ከኋላዋ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እናትህ ያወጣችልህን ነው የጠየቅሁህ» አለችው።

«ምን ያደርግልሻል እቴ? ኳስ እኮ ነው!»

«ኢስቶኒያ ውስጥ» አለች ሰብለወርቅ፣ «ያለ እናት ስም ኳስ አይነካም። ፎቶህን አምጣ።»