«ደህና ነኝ» ያሉት በሽተኛ

አንባቢ ሆይ፣ «እንዴት ነዎት?» ብሎ ጠይቆ መልሱን የሚያምን የሕክምና ሰው ገጥሞህ ያውቃል? እኔ በጃንሆይ ጊዜ፣ ሰቆጣ አጠገብ ባለች ክሊኒክ አንድ ድሬሰር፣ ማለትም የሐኪም ረዳት፣ ገጥሞኛል። ያየሁትን ልጻፍ።

ደረታቸውን የታመሙ ሽማግሌ ከደሃና ወረዳ በበቅሎ መጡ።

«እንዴት ነዎት አባቴ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ።»

«ደህና ከሆኑ ለምን መጡ? ተረኛ!»

ሽማግሌው እየሳሉ ወጡ። ለሰላምታ «ታምሜአለሁ» ብሎ መመለስ በአገራቸው ነውር ነው፤ ታዲያ ምን ያድርጉ?

ደግነቱ፣ ድሬሰሮችን ስለ አረጋውያን አያያዝ ልታሠለጥን የመጣች ነርስ ከበር መለሰቻቸው።

«መጀመሪያ ስለ በቅሎዋ፣ ቀጥሎ ስለ ገብሱ ጠይቃቸው» አለችው። «በሽታው መጨረሻ ላይ ይመጣል።»

ድሬሰሩ እየተቁነጠነጠ ጠየቀ። በቅሎዋ ደህና ናት፤ ገብሱም ደህና ነው።

«እንቅልፍስ?»

«እሱንስ ተወው ልጄ! ሳሉ መች ያስተኛኛል?»

ደረታቸው ተደመጠ፤ መድኃኒትም ተሰጣቸው።

ከርመው በገበያ ቀን ሊያመሰግኑት መጡ። ፊታቸው በርቷል፤ ሳል የለም።

«አሁንስ በእውነት ደህና ነኝ» አሉት።

የሠለጠነ ድሬሰር ይህን ያምናል? ማዳመጫውን ከአንገቱ አውርዶ ወንበር ሳበላቸው።

«ይቀመጡ አባቴ። በቅሎዋስ እንዴት ናት?»