ሚስቴን በሙግት የረታሁ ዕለት

የጎጃም ሰው ሞትን አይፈራም፤ መረታትን ነው የሚፈራ! ቆይ... አትቆጡ! እኔም የቡሬ ልጅ ነኝ፤ ራሴን ሳማ ብቻዬን እንዳልቀር አገሬን ጨምሬ ነው። ግን እውነቴን አይደለም? የኛ አገር ሰው በድንበር ይካሰሳል፣ በጥጃ ይካሰሳል። ድንበርም ጥጃም ያጣ እንደሆነ ደግሞ «ባለፈው ሰላም ስትለኝ አንገትህን ያጎነበስኸው በግማሽ ነው» ብሎ ዳኛ ፊት ያቆምሃል። እኔማ ከሁሉም ብሼ ነው የተፈጠርሁት። አንድ ጊዜ በጎረቤት ዶሮ ተረትቼ፣ እህል አልቀምስ ብዬ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ የተኛሁ ሰው ነኝ።

እንግዲህ ዛሬ የማወጋችሁ በጣሊያን ጊዜ ሚስቴን በአደባባይ እንዴት እንደረታኋት ነው። «ሚስቱን ረትቶ የሚፎክር ወንድ!» እንዳትሉኝ። እስከ መጨረሻው ስሙኝና ከዚያ በኋላ እንደ ልባችሁ ስደቡኝ።

ያን ጊዜ ዐባይን እየተሻገርሁ፣ በበቅሎ ጭኜ ወለጋ ድረስ ጨውና በርበሬ የምነግድ ሰው ነበርሁ። ጣሊያን ቡሬ ደርሶ ምሽግ ሠራና «ያልገባ ሰው በቅሎው ትወረሳለች» ብሎ አስነገረ። መግባት ማለት እንግዲህ ምሽጉ ድረስ ሄዶ «እጄን ሰጥቻለሁ፣ ንጉሣችሁ ንጉሤ ነው» ማለት ነበር። እኔ አገሬን እወዳለሁ። በቅሎዎቼንም እወዳለሁ። አገሬስ ብዙ ልጆች አሏት፤ በቅሎዎቼ ግን ከኔ በቀር ማን አላቸው? አልሁና ገባሁ። በሬ ሆይ በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ!

የሚገባ ሰው ጠመንጃ ያስረክባል። እኔም አንዲት ውጅግራ ነበረችኝ፤ ከመተኮስ ከቀረች ብዙ ዘመኗ ነው፤ አያቴ የዶሮ ቆጥ ሲደግፉባት ነበር የኖሩ። እሷን አራግፌ አስረከብሁ። አስተርጓሚው ከጣሊያኖቹ ጋር ከሌላ አገር የመጣ፣ ከነፍሱ አብልጦ ጫማውን የሚጠርግ ሰው ነበር። «ከዛሬ ጀምሮ የሮማ መንግሥት ሰው ነህ» አለኝና፣ ክንድን ወደ ፊት ወርውሮ ሰላምታ እንዴት እንደሚሰጥ አሳየኝ። ወረወርሁ! አጠገቤ የቆመችው በቅሎ ልመታት መስሏት ገመዷን በጥሳ፣ የድንች ሻጮቹን ገበያ በትና ጠፋች። ያዳንኋት በቅሎ እኮ ናት!

እቤቴ ስደርስ «የሻረግ፣ እስቲ እይኝ፣ ተለውጫለሁ?» አልኋት ሚስቴን። የሻረግ የፈረስ ቤት ልጅ ናት። ወንድሞቿ ሁሉ ያን ጊዜ ጣሊያንን ሊወጉ ዱር ቤቴ ብለው እዚያው አገሯ ደጋ ዳሞት ላይ ነበሩ። እሷ ስትቆጣ አትጮህም፤ እንዲያውም ትሕትናዋ ይጨምራል።

«ኧረ ምንም አልተለወጡ ጌታዬ» አለችኝ። «ፊትዎ ላይ ድሮም ሐፍረት አልነበረበት።»

ነገሩ በዚህ ቢያልቅ ምን ነበረበት! ግን አንድ ጠዋት አስተርጓሚው ግቢዬ ድረስ መጣ። ጫማውን እንዳያቆሽሽ ደጃፉ ላይ ቆሞ፣

«የገቡ ሰዎች ልጆች ሁሉ ሰኞ ወደ ምሽጉ ይመጣሉ» አለኝ። «እዚያው እያደሩ ቋንቋና ሰላምታ ይማራሉ።»

«የገባሁት እኔ ነኝ! ልጆቼ ምን አደረጉ?»

«አባት ንጉሡን ሲለውጥ ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅም አብሮ ይለወጣል። ያንተ ልጆች ያን ዕለት ነው የሮማ ልጆች የሆኑት፤ ደንቡ ይህ ነው።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ለወዳጅ እንደሚመከር ዓይነት፣ «ደግሞም ልጁ ምሽግ ውስጥ ያለ አባት አይሸፍትም» ብሎ ጨመረልኝ።

ልጆቼ ሁለት ናቸው። አዱኛ ገና የፊት ጥርሶቹ ወልቀው አዲስ ያላበቀለ ልጅ፣ ስንዱ ደግሞ የእናቷን ቀሚስ ጫፍ ካልጨበጠች እንቅልፍ የማይወስዳት ሕፃን። እኔ የገባሁት ለበቅሎዎቼ ብዬ ነበር፤ ለካ ልጆቼን ጭኜ ኖሯል! እስኪ አሁን «አላወቅሁም ነበር» ቢሉት ማን ይሰማል?

የሻረግ ነጠላዋን አጣፍታ በቀጥታ ወደ ምሽጉ ሄደችና ለሹሙ ለካፒቴኑ አመለከተች። «እሳቸው የገቡት ለራሳቸው ነው። እኔ አልገባሁም፤ ልጆቼም አልገቡም። ልጆቹ የኔ ወገን ናቸው» አለች። ካፒቴኑ ሳቀ አሉ። ያን ሰሞን «የአገሬውን ልማድ እናከብራለን» ማለት አምሮት ስለ ነበር፣ «ሽማግሌዎቻችሁ ይፍረዱ። ለእናት ከፈረዱ ልጆቹ ከእናታቸው ወገን አያታቸው ዘንድ ይሂዱ። ለአባት ከፈረዱ ግን ሰኞ እዚህ ናቸው» ብሎ ሰደዳት።

በማግስቱ ጠዋት ምስር እየለቀመች አስቀመጠችኝ።

«ቅዳሜ ከሽማግሌው ዳኛ ከአለቃ ጥሩነህ ፊት እንቆማለን» አለችኝ። «አደራዎን፣ ይሸነፉልኝ። ሌላ አልጠይቅዎም። አፍዎን ዘግተው መቆም ብቻ ነው።»

«ለልጆቼ ስል ይህ ምን ይገደኛል!» አልኋት። ከልቤ ነበር እኮ! እግዜር ያሳያችሁ፣ ከልቤ ነበር።

ቅዳሜ ዋርካው ሥር ሰው እንደ ጉድ ተሰበሰበ። ባልና ሚስት ሲሟገቱ ማየት ለቡሬ ሰው ከሠርግ ይበልጥበታል። አለቃ ጥሩነህ በዕድሜ ከመግፋታቸው የተነሣ ክርክር ላይ ያንቀላፋሉ፤ ግን ጥሩ ነገር የተነገረ እንደሆነ ዓይናቸው ይበራል። አስተርጓሚው ፍርዱን ሰምቶ እንዲያደርስ ታዝዞ፣ ድንጋይ ላይ መሐረብ አንጥፎ ተቀምጧል።

የሻረግ ተነሣች። «በላ ልበልሃ!» አለች። «ላም ከጎረቤት ኮርማ ብትወልድ ጥጃው የማን ነው? የላሟ ጌታ ነው ወይስ የኮርማው?»

«የላሟ!» አለ ሕዝቡ።

«ኮርማው ተሸጦ ሌላ አገር ቢነዳ ጥጃው ተከትሎ ይነዳል?»

«ኧረ አይነዳም!»

«እንግዲያውስ የኔ ኮርማ ራሳቸውን በራሳቸው ሸጠዋል። መንገዱን ጨርቅ ያድርግላቸው፤ ጥጃዎቼን ግን ይተዉልኝ!»

የሳቁ ነገር አይነሣ! አለቃ ጥሩነህ እንኳ ጢማቸውን ይዘው ተንቀጠቀጡ። ኮርማው... እኔ ማለቴ ነው... አንገቴን ደፍቼ ዝም አልሁ። በልቤም «እሰይ የኔ ሚስት፣ ልጆቼ ተረፉ» አልሁ። ይህን እዩልኝ፤ እስከዚህ ድረስ ደኅና ሰው ነበርሁ።

ታዲያ በዚህ መካከል፣ ቀድሞ በድንበር የረታሁት አንድ ጎረቤቴ ከኋላ ሆኖ፣

«ወይ እሱ! ድሮም የሚረታው ደኅና ተሟጋች አጥቶ ነው!» አይል መሰላችሁ?

እስቲ እናንተ ፍረዱኝ። ያ ሰው ዝም ቢል ምን ነበረ? እግሬ ሳላዘው ተራመደ። ነጠላዬ በራሱ ጊዜ ወገቤ ላይ ታሰረ። ዘንጌን ስነቀንቅ የሻረግ ዓይኗን አፈጠጠችብኝ፤ ራሷን በኃይል ነቀነቀችልኝ፤ በከንፈሯ «ተዉ! ተዉ!» አለችኝ። ማን አይቷት! «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ» ሲባል እየሰማ ላደገ ጆሮ ያን ጊዜ ምን ይገባዋል?

«በላ ልበልሽ!» አልሁ። «ሰውን በከብት ማን መዝኖ ያውቃል? ኮርማ ክርስትና ይነሣል? ልጄን መንገደኛ ‹የማን ልጅ ነህ?› ቢለው የማንን ስም ይጠራል?»

«የአባቱን!» አለ ሕዝቡ።

ጣዕሙን ታውቁታላችሁ? አታውቁትም። አንዴ «የአባቱን!» ያለ ሕዝብ ሁለተኛ እንዲል ያምራችኋል። አንድ ዝላይ ዘለልሁና ወደ አለቃ ዞርሁ።

«አባቴ፣ እርስዎን ልጠይቅ። በኛ አገር ቤተሰቡ በሙሉ የሚናዘዘው አንድ የነፍስ አባት ዘንድ ነው። አባወራው የነፍስ አባቱን የለወጠ እንደሆነ ልጆቹ ምን ይሆናሉ? ከአሮጌው ዘንድ ይቀራሉ ወይስ አባታቸውን ተከትለው ወደ አዲሱ ይሄዳሉ?»

የአለቃ ዓይን በራ። «ይሄዳሉ እንጂ» አሉ። «ሕፃን ደግሞ ማን ይጠይቀዋል?»

«እንግዲያውስ ንጉሥ ከነፍስ አባት ይበልጣል? ልጅ በነፍሱ አባቱን ከተከተለ በሥጋው ወዴት ይቀራል?»

ዋርካው ተናወጠ! ያ ጎረቤቴ ሳይቀር አፉን በእጁ ያዘ። የሻረግ ልትመልስ ሁለት ጊዜ አፏን ከፈተች፤ ሁለቱንም ጊዜ የሕዝቡ ጩኸት ዋጣት። አለቃ ጥሩነህ ዘንጋቸውን ተደግፈው ተነሡና፣

«ፍርዱ ታወቀ። ልጅ አባቱን ይከተላል። ተረትተሻል ልጄ» አሉ።

እኔ ዘንጌን ወደ ላይ ወርውሬ ቀለብሁ። ሰው ትከሻዬን ይደበድበኛል፣ «ወንድ!» ይለኛል... ከሁሉ አብልጦ የሚያጨበጭብ ሰው ማን ይሆን ብዬ ዞር ብል፣ አስተርጓሚው።

ያን ጊዜ ነው የባነንሁ። ለምን እንደሚያጨበጭብ ገባኝ፤ ሰኞም ትዝ አለኝ። የአዱኛ ድዱን እያሳየ መሳቁ፣ የስንዱ በእንቅልፍ ልቧ ቀሚስ ፍለጋ መዳበሷ ሁሉም መጣብኝ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም!

«አለቃ! ይግባኝ!» ብዬ ጮኽሁ።

«የረታ ሰው ይግባኝ ሲል የት አይተሃል?» አሉና ተቆጡኝ። «ሰውየው ያመዋል እንዴ?»

የሻረግ አላለቀሰችም። ወደ አለቃ ቀረብ ብላ እጅ ነሣች። «አባቴ፣ ፍርዱን ተቀብያለሁ» አለች ረጋ ብላ። «ለመማር ያህል አንድ ነገር ብጠይቅዎ? ያ አባወራ ተጸጽቶ ወደ አሮጌው የነፍስ አባቱ ቢመለስስ? ልጆቹ ምን ይሆናሉ?»

«ይህ ምን ይጠየቃል? አብረውት ይመለሳሉ! ልጅ አባቱን ይከተላል አልሁሽ እኮ።»

«እግዜር ይስጥልኝ» አለችና ወደ ቤት መንገድ ጀመረች። አስተርጓሚው ጥያቄውን ከነገር አልቆጠረውም፤ መሐረቡን እያራገፈ ነበር።

እቤት እስክንደርስ ከኋላዋ ከኋላዋ ነበር የምሄድ። ስንገባ አቀርቅራ በሶ ቋጠረች።

«ለማን ነው?» አልኋት እየፈራሁ።

«ለእርስዎ።»

«ለኔ? እኔ የት እሄዳለሁ?»

«አለቃ ሲፈርዱ አልሰሙም እንዴ ጌታዬ? ልጅ አባቱን ይከተላል። አባትየው ወደ ቀድሞ ንጉሡ ከተመለሰ ልጆቹም አብረው ይመለሳሉ። እንግዲህ ይነሡ! እርስዎ ፈረስ ቤት ወንድሞቼ ዘንድ ይቅደሙና ልጆቹ ይከተሉዎት።»

«እኔ... ጫካ?»

«ቢሸነፉልኝማ ልጆቹ ብቻ ነበሩ የሚሄዱ፣ ያውም በካፒቴኑ ፈቃድ፣ በጠራራ ፀሐይ። እርስዎ ከበቅሎዎችዎ ጋር ይቀመጡ ነበር። ማን ያሸንፉ አለዎ?»

መልስ ፈለግሁ። እኔ መልስ ልጣ! ግን ክርክሩ የራሴ ነው፣ ያጸደቁት ደግሞ አለቃ ናቸው፣ ሕዝቡም አጨብጭቦበታል። መሬት ላይ ቁጭ አልሁ። አዱኛ መጥቶ እግሬ ላይ ተቀመጠና፣

«አባዬ፣ እኛ ጣሊያን ነን?» አለኝ። የሰፈር ልጆች ነግረውታል።

«እስከ ነገ ብቻ ነው» አልሁት።

እሑድ ጠዋት ሰው ሁሉ ቅዳሴ ሲሄድ አራታችንም ነጠላችንን ተከናንበን ከምእመናን ጋር ተቀላቅለን ወጣን። ሰው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሲታጠፍ እኛ ቀጥታ አልን። ስንዱን ትከሻዬ ላይ አድርጌ ያን ሁሉ ዳገት ስወጣ፣ እንደዚያ ቀን ፈርቼ አላውቅም፤ ለልጆቼም እንደዚያ ሳስቼ አላውቅም። በቅሎዎቼን ጣሊያን ወረሳቸው። የሚስቴ ወንድሞች እንዴት እንደመጣሁ ሲሰሙ እየተንከባለሉ ሳቁብኝ። እስከ ነጻነት ድረስም የዳሞት ውርጭ እየገረፈኝ፣ ተኩስ በሰማሁ ቁጥር እየደነገጥሁ፣ እንደ ምንም ብዬ ከነሱ ጋር ዘለቅሁ። ልጆቼ ምሽጉን አላዩትም፤ ሰላምታውንም አልተማሩት። ይህን ሳስብ ዛሬም ደስ ይለኛል።

አሁን በበዓል ቀን ሰው አርበኛ ብሎ ይጠራኛል። ወጣቶች እቤቴ ድረስ መጥተው፣ «አባታችን፣ ያን ጊዜ ቤት ንብረትዎን ጥለው ዱር እንዲገቡ ምን አስነሣዎ?» ይሉኛል። ጉሮሮዬን ጠርጌ፣ ቀና ብዬ፣ «የአገር ፍቅር!» እላለሁ።

የሻረግ ከጓዳ ሆና፣ «ሙግት አሸንፈው ነው!» ትላለች።

ልከራከራት አፌን እከፍትና... እዘጋዋለሁ። ባሸንፋትስ?