ክቡር እናየዋለን

«እናየዋለን» የሚል አለቃ ያልገጠመው ሰው ካለ፣ ገና ሥራ አልተቀጠረም ማለት ነው። የውኃ መመርመሪያ ላቦራቶሪው ሠራተኞች የራሳቸውን አለቃ «ክቡር እናየዋለን» ይሏቸዋል፤ ከጀርባቸው ነው እንግዲህ።

ክቡርነታቸው ክፉ ሰው አይደሉም። ከአፋቸው ስድብ አይወጣም፤ ችግሩ ከእጃቸውም ፊርማ አይወጣም። መስኮት ተሰበረ ሲሏቸው «እናየዋለን» አሉ፤ ሁለት ክረምት በካርቶን ታለፈ። የናሙና ማቀዝቀዣው ሲቃጠል ደግሞ ቃላቸውን ጠበቁ፤ መጥተው አዩት።

ከሁሉም ክፉኛ የተጎዳችው አንዷ የናሙና መርማሪ ነበረች። የዕድገት ጥያቄዋ «እናየዋለን» እንደተባለ ዘጠኝ ዓመት አንድ ደረጃ ላይ! ሥራ ያስለመደቻቸው ሁለት ልጆች በሌላ ቅርንጫፍ ኃላፊ ሆነዋል። እሷ የአለቃዋን ኮቴ ኮሪደር ላይ በሰማች ቁጥር «ዛሬ ይጠሩኝ ይሆን?» ትላለች፤ ኮቴው ያልፋል። ባሏ «እዚያ ቤት እኮ ዕቃ ሆነሻል፤ የቀረሽ የንብረት ቁጥር ነው» ይላታል።

አንድ ቀን ሌላ ላቦራቶሪ ክፍት ቦታ አወጣ። የአለቃ የድጋፍ ደብዳቤ ያስፈልጋል። ሦስት ቀን በራቸው ድረስ እየሄደች ተመለሰች። «እናየዋለን» ካሉ አለቀላት። በመጨረሻው ቀን ገባች።

«ጋሼ፣ ልለቅ ነው። የድጋፍ ደብዳቤዎን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ካላደረስኩ ያመልጠኛል።»

ያቀረበችላቸውን የክፍት ቦታ ማስታወቂያ አነበቡና መነጽራቸውን አወለቁ።

«ጥሩ ቦታ ነው» አሉና ወረቀት ሳቡ። ጎርፍ በመጣበት ሰሞን ሳምንት ሙሉ ቤቷ ሳትገባ ናሙና መመርመሯን፣ እነማንን እንዳስተማረች፣ አያውቁትም ያለችውን ሁሉ ጻፉ። ከዚያ ፈረሙ። ፊርማቸውን አይታ አታውቅምና ከሥሩ ያለውን ማዕረግ ስታነብ ደነገጠች፤ «ተጠባባቂ ኃላፊ» ይላል።

«እስከ ዛሬ ተጠባባቂ ነዎት እንዴ?»

«አሥራ አራት ዓመቴ ነው፣ ልጄ። የተጠባባቂ እጅ ይፈራል። ፈርሜ ቢሽሩትስ፣ እኔንም ቢያነሱኝስ እያልኩ በደልኩሽ። በይ ሂጂ፣ ሰዓቱ እንዳያልፍብሽ።»

ዘጠኝ ዓመት ያጠራቀመችውን ወቀሳ እዚያው ትታ፣ ደብዳቤውን በሁለት እጇ ተቀብላ ወጣች።

ቦታውን አገኘች። በመጨረሻው የሥራ ቀኗ ክቡርነታቸው የዕቃዋን ካርቶን ለማንም አልሰጥም ብለው፣ እያለከለኩ ሦስት ፎቅ ወርደው ታክሲ ውስጥ አስቀመጡላት።

«አባትሽ ናቸው?» አለ ሾፌሩ።

«አለቃዬ ናቸው» አለች። ቃሉ በኩራት መውጣቱ ራሷን ገረማት።