ያለ ሥራ የዳነ ቡና

ቴፒ ውስጥ «መዳን በእምነት እንጂ በሥራ አይደለም» የሚል ጎረቤት የሌለው ማን አለ? የእኔው ጎረቤት ወንድም ታደለ ይባላል። ትምህርቱን አልቃወምም፤ የአንድ ቸርች ሰዎች ነን። እሱ ግን እስከ ቡና ማስጫው ድረስ ወሰደው። በቀደም ዝናብ ሲመጣ ሁላችንም የተሰጣ ቡናችንን ለመሸፈን ስንሯሯጥ፣ እሱ በረንዳው ላይ ቆሞ ዝናቡን ይገሥጽ ነበር።

«ኧረ ቡናህ ሊበሰብስ ነው!» አሉት ጾመኛዋ ጎረቤታችን እትዬ አስካለ።

«እርስዎም ይመኑ እንጂ!»

«ልጆችህ ምን በወጣቸው!» ብለው የራሳቸውን ሸራ ገፈው የእሱን ቡና ሸፈኑለት። የእሳቸው ራሰ።

እሁድ ታደለ ቸርች ውስጥ «እጄን ሳላነሳ ቡናዬ ዳነ!» ብሎ መሰከረ። «አሜን» አልን፤ እኔም ጭምር።

ማግስቱን እትዬ አስካለ ሸራቸውን ቢጠይቁት፣ «ከጌታ የተቀበልኩትን እንዴት ለሰው እሰጣለሁ?» አላቸው።