ጭፈራ ቤት የሆነው የገብስ መውቂያ

«ሠልጥኛለሁ» የሚል ባለርስት ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔን ከዲላ በላይ ያለችው ደጋ፣ ቡሌ ላይ ገጥሞኛል። እኚህ ግራዝማች አዲስ አበባ ከርመው ሲመለሱ፣ ጭሰኞቻቸው ድንጋይ ተሸክመው የሠሩትን የገብስ መውቂያ ቤት የጭፈራ አዳራሽ አደረጉት። የቡሌ ዝናብ መቼ ያባራል? መውቂያው ጣሪያ የተሠራለትም ለዚሁ ነበር። ግን ሥልጣኔ ስለ ገብስ ምን ገዶት?

ለምረቃው እኛን የዲላ የመንግሥት ሠራተኞችን ጠሩን። ግራሞፎኑ ይጮኻል፤ እኛም ከረባታችንን አስረን አዲሱን ሲሚንቶ እንረግጣለን። ጭሰኞቹ ደጅ ዝናብ እየወረደባቸው ገብስ ሲወቁ በመስኮት ይታዩ ነበር። ግራዝማች «እይታ ያበላሻሉ» ብለው መጋረጃውን አዘጉ።

በሳምንቱ የድርሻቸው ገብስ በስብሶ መጣላቸው። ጂግሶ የሚባሉትን ሽማግሌ ጭሰኛ አስጠርተው፣ «ገብስ እንዲህ ነው የሚወቃው?» አሉ።

«ጌታዬ፣ እኛ የወቃነው ዝናብ ላይ ነው» አሉ ጂግሶ። «ቤት ውስጥ ሲወቁ የዋሉት እርስዎና እንግዶችዎ ናችሁ። የእናንተ ምርት የታለ?»

ወር ሳይሞላ ጂግሶ ከነቤተሰባቸው ከመሬቱ ተነቀሉ። ጎጇቸው የነበረበት ቦታ አሁን የእንግዶች መኪና ማቆሚያ ነው። ግራዝማች ሠልጥነዋል አላልኳችሁም?